አስፈሪ ሥዕል ስለ መመልከት

የሚያስፈራ ነገር ዐይንን ይጠራል። ሰው ሬሳ በወደቀበት መንገድ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን ዘወር ብሎ ያያል። የራስ ቅልና የሙታን ፎቶግራፍ ብቻ የተሰበሰበባቸው መጻሕፍት በልዩ ልዩ አገር ታትመው በውድ ዋጋ የሚሸጡት፥ ይህን የዐይን ጠባይ ያወቁ አሳታሚዎች ስላሉ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሥዕል መመልከት ነውር ነውን? ነውር ነው ቢባል፥ ማንም ያላየው ግፍ በማን ይመሰከራል? ስለዚህ ነገር እንድናገር የሚያደርገኝ ትምህርቴ አይደለም፤ በልጅነቴ የሠራሁት አንድ ጥፋት ነው።

ያደግሁት በአቃቂ፥ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነው። አጎቴ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሣጥኑ ሥር የሚያስቀምጠው አንድ መጽሐፍ ነበረው። መጽሐፉ ከነጻነት በኋላ የመንግሥት የፕሬስና የማስታወቂያ ክፍል በሁለት ጥራዝ ያሳተመው፥ በፈረንሳይኛ «የፋሺስት ኢጣሊያ ሥልጣኔ በኢትዮጵያ» የተባለው ነው። አጎቴ ዘንድ የነበረው የመጀመሪያው ጥራዝ ብቻ ነበር። ርዕሱ ሽሙጥ መሆኑን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የማውቀው፥ በውስጡ የተሰቀሉ ሰዎችና የተቈረጡ ራሶች፥ ከአጠገባቸውም ቆመው የሚሥቁ ወታደሮች መኖራቸውን ብቻ ነበር።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ፥ አጎቴ ሥራ በሄደበት አንድ ቀን፥ መጽሐፉን ሰርቄ አወጣሁና ከሐዲዱ ማዶ ባሕር ዛፍ ሥር ለጓደኞቼ አሳየሁ። በነጻ አላሳየሁም፤ አንዱን ገጽ በአምስት ሳንቲም ነው። ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ አንዱ ዐይኑን በእጁ ሸፍኖ በጣቶቹ መካከል ያያል፤ ሌላው «ያንን የራሱን ድገመው» ይላል። ሠላሳ አምስት ሳንቲም ያህል እንደ ሰበሰብሁ፥ በሰፈራችን እማማ ብለን የምንጠራቸው አንዲት ባልቴት ጭራሮ ተሸክመው ደረሱብን። ልጆቹ ሮጡ። እኔ መጽሐፉን ይዤ ቀረሁ።

«የጣልያን ጊዜ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፥ እማማ።»

ይገሥጹኛል ብዬ ስጠብቅ፥ ጭራሮውን አውርደው አጠገቤ ተቀመጡና «ቀስ እያልህ ግለጥልኝ» አሉ። ወንድማቸው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፥ ዓርብ ዕለት፥ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ሲባል ሰምቶ ወደ ከተማ ከወጡት ጋራ ወጥቶ ነበር። በዚያ ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በከተማው የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ወንድማቸው አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም።

«ፊት ይለወጣል፤ እጁን አሳየኝ» አሉ። ልጅ ሳለ እንጨት ሲፈልጥ የግራ እጁን ትንሽ ጣት ቈርጧት ነበር። እኔና ጓደኞቼ ስናይ የዋልነው ቍስሉንና ደሙን ነው፤ እርሳቸው ያዩት ግን የአንዱን መቀነት፥ የሌላውን ባዶ እግር፥ የአንዷን ሴት የነጠላ ጥለት ነው። ራስ ብቻ በሚታይበት ገጽ ላይ ብዙ ቆዩና «የዚህኛውስ እጁ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ ሁለተኛ ጥራዝ እንዳለው ነገርኋቸው። «እርሱንስ አታመጣልኝም?» አሉ። የለንም አልኋቸው። ጭራሮአቸውን አንሥተው ሄዱ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ መጽሐፉ አንድ ነው፤ ወረቀቱም ቀለሙም አንድ ነው። ነገር ግን ከዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ዐይነት ማየት ነበረ። ሦስተኛም አለ፤ እርሱም የፎቶግራፍ አንሺው ነው። እነዚህን ሥዕሎች ያነሡት በአብዛኛው ገዳዮቹ ራሳቸው ወይም ባልንጀሮቻቸው ናቸው፤ ያነሡትም ለፉከራ፥ ለወዳጅ ለማሳየት ነው። ድል ሲሆኑ ከተማረኩት ኪስና ሻንጣ የተገኙ አሉ። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተይዘው ራሳቸው በተቈረጠ ጊዜ፥ ራሳቸውን ለሕዝብ አሳዩት፤ ፎቶግራፍም አነሡት። ስማቸውን የማያውቅ ሰው ያን ሥዕል ቢያይ የሚያየው ራስ ነው፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን አገሩን አላስደፍርም ብሎ በዋግ ተራሮች የተዋጋውን ሰው ያያል። ገዳዩ ያነሣው ራሱን ሊያስመሰግንበት ነበር፤ የተያዘውም በዚያው ነው።

በአሜሪካም እንዲሁ ሆኗል። ነጮች ጥቍሮችን በየዛፉ ከሰቀሉ በኋላ አጠገባቸው ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ የፖስታ ካርድ ሆኖ ይላላክ ነበር፤ እነዚያው ካርዶች ተሰብስበው በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጽሐፍ ሲታተሙ፥ አንባቢ ከተሰቀለው ይልቅ የተሰበሰቡትን ሰዎች ፊት መመርመር ጀመረ።

ሥዕሉ ብቻውን ይፈርዳል ማለቴ ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ፍርድ ሚኒስቴር በ1949 እና በ1950 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኢጣሊያን የጦር ወንጀል ማስረጃ በሁለት ጥራዝ አሳተመ፤ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽንም አሥር ሰዎች ተከሰው ነበር። በኢትዮጵያ ስለ ሠራው ግፍ ለፍርድ የቀረበ አንድም የኢጣሊያ ሹም የለም። ግራዚያኒ በአገሩ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ በማበሩ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ተፈታ። በ2012 ደግሞ በአፊሌ ከተማ መታሰቢያ ሠሩለት።

የእኛ የጥንት ሠዓሊዎች በዚህ ነገር ብልሆች ነበሩ። በላዔ ሰብእ የሰው ሥጋ ሲበላ በተአምረ ማርያም መጻሕፍትና በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተስሏል፤ ከዚህ የባሰ አስፈሪ ሥዕል ከየት ይመጣል? ሕፃናት ግን ሲያዩት ኖረዋል። ከበላው ሰው ቀጥሎ ለጥሙ ውሃ የሰጠው ድኻ አለ፤ ከድኻውም ቀጥሎ ሚዛን አለ። ክፉውን ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐይኑ፥ ከጎን ስለው ያሳዩታል። የገዳይ ፎቶግራፍ ግን ሚዛን የለውም፤ ገዳዩም በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ያየናል።

እናቴ ይህን ሁሉ ብትሰማ «ዝጋው፤ ሙት ይሸፈናል እንጂ አይገለጥም» ትለኝ ነበር። በግማሹ ትክክል ናት። ሊያዋርዳት ልብሷን ገፍፎ ፎቶግራፍ ያነሣት ሴት፥ ሥዕሏ በታየ ቍጥር ትዋረዳለች፤ ፈቃዷን የጠየቀ የለም። እንዲህ ያለው ገጽ በመርማሪና በዳኛ እጅ ቢቀመጥ እንጂ በገበያ ባይዞር እመርጣለሁ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የራስ ቅሎችና አጥንቶች አሉበት፤ ግድግዳው ግን የሟቾች ፎቶግራፍ ነው፤ በሕይወት ሳሉ የተነሡት፥ ፊታቸው ሙሉ የሆነ። ከዚያ ወደ አጥንቱ የሚሄድ ሰው የማን አጥንት እንደሆነ ለመጠየቅ ይገደዳል።

ዛሬ መጽሐፍ ከሣጥን መስረቅ አያስፈልግም። ገዳዩ ሲገድል በእጅ ስልኩ ራሱን ይቀርጻል፤ አንተም ሳታስበው በአንድ ጣት ለሃያ ሰው ትልከዋለህ። አምስት ሳንቲሙን የሚሰበስበው ሌላ ነው።

ሁለተኛውን ጥራዝ ያገኘሁት እማማ ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ፥ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁና እጆችን ብቻ እያየሁ ገለጥሁት። የግራ እጁ የማይታይ ሰው በብዙ ገጽ ላይ አለ።