ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው አንድ ዓመት ለማን ነው?



የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር የቁምስናችን በር ይንኳኳል። አንዳንዱ ምስጋና ሊያቀርብ፣ አንዳንዱ ኀዘኑን ሊያካፍል፣ አንዳንዱም ምክር ሊጠይቅ ይመጣል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የሚያልፉት ጥቂቶች እንደ ሆኑ ሁላችን እናውቃለን። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ አልተሻለም፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ስለዚህ አንድ ወጣት ምደባውን በእጁ ይዞ «አንድ ዓመት ቆይቼ ልግባ» ቢል ቤተ ሰቡ ቢደነግጥ አያስገርምም። በዚህ ጽሑፍ ልናስብበት የምንወደው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወጣቶች ወደ እኛ መጡ። ታሪካቸውን የምንጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስማቸውን ግን አንጠቅስም። የመጀመሪያው በሰንበት ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምር ልጅ ነበር፤ ከአባቱ ጋር መጣ። ከከተማው ርቆ በሚገኘው ጸሎት ቤታችን አንድ ዓመት ልጆችን እያስተማረ ለማገልገል፣ ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አስቧል። አባቱ ግን፣ «አባ፣ እባክዎን ይህን ልጅ ይምከሩልኝ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» አሉን። ሁለተኛዋ ብቻዋን መጣች። አባቷ ዐርፈዋል፤ እናቷ እንጀራ እየጋገሩ ሦስት ልጆች ያሳድጋሉ፤ ለሕክምና የተበደሩት ገንዘብም ነበረባቸው። አንድ ደላላ፣ «ወደ ዐረብ አገር ሂጂ፤ አንድ ዓመት ብቻ ሠርተሽ ዕዳውን ትከፍያለሽ፤ ከዚያ ትማሪያለሽ» ብሏታል። ሁለቱም የተናገሩት አንድ ቃል ነበር፤ «አንድ ዓመት ብቻ»።

እውነቱን ለመናገር እኛ ወዲያው ፈረድን። የልጁን ዓመት የተባረከ፣ የልጅቷን ዓመት የጠፋ አድርገን ቆጠርን። ለዚያ ጸሎት ቤት ለረጅም ጊዜ መምህር ስንፈልግ ቆይተን ስለ ነበር፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ወጣት በማግኘታችን ደስ አለን። ይህ ደስታ ዐይናችንን እንደ ጋረደው ያወቅነው በኋላ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ መቆየትን አይነቅፍም። ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲጠይቅና ሲመልስ የሰሙት ሁሉ ተደንቀዋል። እኛ ብንሆን ኖሮ፣ «እንግዲህ ወዲያው ይጀምር» ባልን ነበር። እርሱ ግን ከእናቱና ከዮሴፍ ጋር ወደ ናዝሬት ወረደ፤ ይታዘዛቸውም ነበር (ሉቃ. 2፥46-51)። ሥራውን ሲጀምር ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ነበር (ሉቃ. 3፥23)። ቅዱስ ጳውሎስም ጌታ ከጠራው በኋላ በቀጥታ ወደ ኢየሩሳሌም አልወጣም፤ ወደ ዐረብ አገር ሄደ፣ ወደ ደማስቆ ተመለሰ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ወደ ኬፋ ወጣ (ገላ. 1፥17-18)። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የመከረንም ራሱ ጌታችን ነው (ሉቃ. 14፥28)። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ይኸው መጽሐፍ ስለ ዮናስም ይነግረናል። ዮናስ ሥራ ፈት አልነበረም፤ መርከብ ፈለገ፣ ዋጋውን ከፈለ፣ ረጅም መንገድ ጀመረ (ዮና. 1፥3)። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ትጋት ከነነዌ ለመራቅ ነበር። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይም የቆፈረው በፍርሃት ነው (ማቴ. 25፥25)። ስለዚህ ወጣቱ ይቀመጣል ወይስ ይሄዳል ብለን ብቻ መጠየቅ አይበቃንም፤ የሚቆይበት ዓመት የሚያዘጋጀው ነው ወይስ የሚሸሽበት ነው ብለን መመርመር ይገባናል።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ልዩነት በልምድ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ካህናት ሕንጸት በወጣው መመሪያ መሠረት የዘርአ ክህነት ተማሪ ፍልስፍና ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት በመሰናዶ ይቆያል። እኛም በፍልስፍናና በነገረ መለኮት ትምህርት መካከል አንድ ዓመት በገጠር ቁምስና እንድናገለግል ተልከን ነበር። ያን ጊዜ ጓደኞቻችን የቀደሙን መስሎን አዝነን ነበር፤ ዛሬ ግን የታመመን ሰው እንዴት እንደሚጠይቁት፣ ያዘነውንም ዝም ብሎ እንዴት እንደሚያደምጡት የተማርነው በዚያ ዓመት እንደ ሆነ እንመሰክራለን። ያ ዓመት ፍሬ ያፈራው የሚልከን አለቃ፣ የምናገለግለው ሕዝብ፣ የምንመለስበትም ቀን ስለ ነበረው ነው።

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም እ.ኤ.አ. በ1522 ማንሬሳ ወደምትባለው ከተማ የገባው ጥቂት ቀናት ለመቆየት ነበር፤ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቆየ። መንፈሳዊ ልምምድ የተባለው መጽሐፉ የበቀለው ከዚያ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ግን «በጸሎት በቅቻለሁ» ብሎ ከትምህርት አልሸሸም። ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ በባርሴሎና ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ የላቲን ሰዋስው ተማረ፤ በ1528 ደግሞ ወደ ፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። መልካም ቆይታ ሰውን መልሶ ወደ ሥራው ያደርሰዋል። ይኸው ቅዱስ ነፍስ በጨለመችበትና በታወከችበት ሰዓት ቀድሞ የወሰኑትን መለወጥ እንደማይገባ ያስተምራል። ስለዚህ ውጤት በተገለጸ ማግሥት፣ በኩርፊያ ወይም በድንጋጤ የተወሰነ ውሳኔ ጥቂት ይቆይ።

ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፋችሁት የ1967ቱን የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታስታውሳላችሁ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ገጠር ተልከዋል። ከዘማቾቹ አንዳንዶቹ የአገራቸውን ሕዝብ ያወቁት በዚያ እንደ ሆነ ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ወደ ትምህርት ገበታቸው አልተመለሱም። ያ በመንግሥት ትእዛዝ የሆነ ነበር። የዛሬው ወጣት ግን መርጦ ይቆያልና ስለ ምርጫው ራሱ ይጠየቃል።

ወደ ሁለቱ ወጣቶች እንመለስ። ልጁን፣ «ልጄ፣ ሦስት ቀን ሱባዔ ግባ፤ ለመቆየት የፈለግህበትን ምክንያት ሁሉ በወረቀት ጻፍ» አልነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ መጣ። ከላይ ስለ አገልግሎት ብዙ ተጽፏል፤ ከታች በአንድ መስመር ግን አባቱ የመረጡለትን የምህንድስና ትምህርት እንደማይፈልግና ይህንን ሊነግራቸው እንደሚፈራ ጽፎ ነበር። መንፈሳዊ የመሰለን ዓመት ለካ የዮናስ መርከብ ኖሯል! ተሳፋሪውን በደስታ ልናሳፍር የነበርነውም እኛ ነበርን። እርሱን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ከአባቱም ጋር በእኛ ፊት ተነጋገሩ። አባትየው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም፣ «ይህን ለእኔ ለመንገር አንድ ዓመት ያስፈልግህ ነበር?» አሉት። በዚያው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባ፤ የሚወደውንም የትምህርት ክፍል አመለከተ። በክረምት ዕረፍቱ ወደዚያ ጸሎት ቤት እየሄደ ያስተምራል።

ልጅቷ ግን መቆየት ያስፈልጋት ነበር። ወደ ውጭ አገር ሄደው በላባቸው ወንድምና እኅት የሚያስተምሩትን፣ የቤተ ክርስቲያናችንንም ጣሪያ ያለበሱትን እኅቶቻችንን አንነቅፍም፤ እንጸልይላቸዋለን። ነገር ግን እውነቱ ሊነገራት ይገባ ነበር። የቤት ሠራተኛ ውል አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ነው፤ ፓስፖርቷም በአሠሪዋ እጅ ከገባ የምትመለስበትን ቀን የምትወስነው እርሷ አይደለችም። ደላላው «አንድ ዓመት» ያለው የራሱ ያልሆነውን ጊዜ ነበር። ቃሉን ብቻ ነቅፈን ብንልካት ግን ዕዳው እቤቷ ይጠብቃታል። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራኑና የእድሩ ሽማግሌዎች ወደ አበዳሪው ሄደው የመክፈያውን ጊዜ አራዘሙ። እርሷም ወደ ተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ተመዘገበች፤ ችግሯን አስረድታ የአንድ ዓመት ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበለች። በመዋዕለ ሕፃናታችን በደመወዝ ረዳት መምህርት ሆና ሠራች። ዓመቱ ቀላል አልነበረም፤ ጓደኞቿ በስልክ ስለ ግቢ ኑሮ ሲያወሩላት የምታለቅስበት ሌሊት እንደ ነበር ነግራናለች። ዕዳው ሙሉ በሙሉ አላለቀም፤ ነገር ግን እናቲቱ ሊሸከሙት ወደሚችሉት መጠን ወረደ። በቀጠሮዋ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች፤ ዛሬ ትምህርቷን ቀጥላለች።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ስለ ወጣቶች ከተደረገው ሲኖዶስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ ወጣት ማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ሆነም ራሱን እንዲጠይቅ አሳስበዋል። ከዚህ ተነሥተን፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ወጣት አራት ነገሮችን እንድትጠይቁት እንለምናችኋለን።

አንደኛ፣ ይህን ያሰብኸው በማን ፊት ነው? በጸሎትና በንስሐ አባትህ ፊት ነው ወይስ በንዴትና በጓደኛ ግፊት? ሁለተኛ፣ በዚህ ዓመት የሚጠቀመው ማን ነው? በየማለዳው የሚጠብቅህ ሥራ፣ ብትቀር የሚፈልግህ ሰው አለን? ሦስተኛ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? ሥራ ሳይዝ የሚቆይ ልጅ ከእናቱ መሶብ ይበላልና ለድሀ ቤት አንድ ዓመት በነጻ አይገኝም። አራተኛ፣ የሚያበቃው መቼ ነው? ቦታህ እንደሚጠበቅልህ ሬጅስትራሩን አስቀድመህ ጠይቀሃልን? መልሱንስ በጽሑፍ ይዘሃልን? ለእነዚህ አራቱ በቂ መልስ ያለው ወጣት ቢቆይ አትፍሩለት፤ መልስ የሌለው ግን ሥራው ምንም መንፈሳዊ ቢመስል ገና አልወሰነም።

እናንተ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ልቆይ» ቢል ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደሚፈራ ጠይቁት። እናንተ መምህራን ሆይ፣ ለቁምስናችን ሥራ ስለሚጠቅመን ብቻ የማንንም ልጅ ዓመት አንውሰድ፤ እኛ በዚህ ስተናልና ከስሕተታችን ተማሩ። እናንተም ወጣቶች፣ አንድ ዓመት ዘግይቶ መግባት ከእግዚአብሔር ጥሪ አያስቀርም፤ ፈጥኖ መግባትም ብቻውን አያደርስም።

የልጇን ነገር ሁሉ በልቧ ትጠብቅ የነበረች እመቤታችን ድንግል ማርያም ለልጆቻችን ታማልድልን። በናዝሬት ብዙ ዓመት የቆየው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም የሚሄዱትን በመንገዳቸው፣ የሚቆዩትንም በቤታቸው ይባርክልን። አሜን።