ልጅ ከስደት የላከችው ገንዘብ የማን ነው?

ቅዱስ ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውሃ ይጠጣ ዘንድ ተመኘ። ሦስቱ ኀያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ውሃውን የቀጂዎቹ ደም አድርጎ ስለ ቈጠረው ሊጠጣው አልወደደም፤ በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰው (2ኛ ሳሙ. 23፥13-17)።

በሐይቅና በአምባሰልም እንዲህ ያለ ውሃ በየቤቱ ይገባል። ይኸውም ሴቶች ልጆቻችን በሳዑዲ ዐረቢያና በሌሎች የዐረብ አገሮች በሰው ቤት አገልግለው፥ ወንዶቹም በእረኝነትና በቀን ሥራ ደክመው የሚልኩት ገንዘብ ነው።

የሚሄዱበትን ምክንያት የማያውቅ ካህን በዚያ አገር የለም። የእርሻው መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል ጠብቧል፤ የበልጉም ዝናም አንድ ዓመት ቢሰጥ አንድ ዓመት ይነሣል። ስለዚህ አባት በሬውን ሸጦ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ለደላላ ይከፍላል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በአውሮፕላን ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ በአፋር በረሓ ወደ ጅቡቲ ወርደው፥ ባሕሩን በጀልባ ተሻግረው በየመን በኩል ያልፋሉ። በዚህ መንገድ ጥምና ባሕር ያስቀራቸው፥ አጋቾችም ይዘው ከወላጆቻቸው ማስለቀቂያ የጠየቁባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ክርስቲያን ልጅ ሥራ ለማግኘት ስሟን ለውጣ፥ ማተቧን በጥሳ የሄደችበት ጊዜም አለ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሐዘን ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወው።

ገንዘቡ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ ዕዳው ይከፈልበታል። ቀጥሎ እህልና ማዳበሪያ፥ የታናናሾች ደብተርና የአሮጊት እናት መድኃኒት ይገዛበታል። ከዚያ በኋላ የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ይለወጣል፤ ለወንድም ባጃጅ፥ ለሠርግና ለተዝካር ድግስም ይወጣል።

ተርቦ የበላውን አንወቅስም። ወላጅን መርዳት ትእዛዝ ነውና፤ ጌታችንም በቍርባን እያመካኙ አባትና እናታቸውን የሚነፍጉትን ገሥጿል (ማር. 7፥9-13)። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ወላጆች ለልጆቻቸው እንጂ ልጆች ለወላጆቻቸው መዝገብ ሊያከማቹ እንደማይገባ አስተምሯል (2ኛ ቆሮ. 12፥14)። ልጅቱ ለቀለባችሁ ይሁን ብላ የላከችው ስጦታ ነው፤ አስቀምጡልኝ ያለችው ግን አደራ ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስጦታንና አደራን ለየብቻ ይመለከታቸዋል።

ስለ አደራ ለሐይቅ ሰው ማስተማር ድፍረት ይመስላል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል ከ700 ዓመት በላይ በመነኰሳቱ እጅ ተጠብቆ ኖሯል። በየቤቱ የሚደረገው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በልጅቱ ገንዘብ የሚሠራው ቤት በአባቷ ይዞታ ላይ ይቆማል። በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ከሆነ ወዲህ ስለማይሸጥ በስሟ ልትገዛ አትችልም፤ የይዞታው ደብተርም በወላጆቿ ስም ነው። አባት ያረፈ እንደሆነ ወንድሞች ቤቱን እንደ ውርስ ሊካፈሉት ይነሣሉ። ይህን አስቀድሞ በክፋት ያሰበው ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን የእርሷና የአባቷ ገንዘብ ከመጀመሪያው አልተለየምና ስትመለስ የምታሳየው ወረቀት የላትም።

በ2006 ዓ.ም. ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የላከችውን ያስቀመጠላት ቤት የገባችው ልጅ ዐረፈች። ምንም ያልቈያት ግን እንደ ገና ደላላ ትፈልግ ዘንድ ተገደደች።

ከዳዊት ታሪክ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ውሃው ሲመጣ ሦስቱ ኀያላን አብረው መጡ፤ ሲፈስስም በሕይወት በፊቱ ቆመው ነበር። ገንዘቡ ግን ከልጅቱ ቀድሞ ይመጣል፤ እርሷ ገና አልተመለሰችም። በየወሩ ስልክ እየደወሉ አዲስ ችግር የሚነግሯት ወላጆችና ወንድሞች መመለሻዋን በአንድ ዓመት፥ ደግሞም በአንድ ዓመት ያርቁታል። የዮሴፍም ወንድሞች እርሱን ወደ ጕድጓድ ከጣሉት በኋላ እንጀራ ሊበሉ ተቀምጠው ነበር (ዘፍ. 37፥24-25)። እነዚያ በቅንዓት አደረጉት፤ የእኛ ቤተሰብ ግን ልጁን እየወደደ፥ እያለቀሰላትም ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ ኃጢአት መሆኑን ለማወቅ ይቸገራል።

እኛ ካህናትም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለንም። ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን፥ ለጉልላትና ለጃንጥላ ከዐረብ አገር በተላከ ገንዘብ ስለት ሲገባ በምስጋና ተቀብለናል፤ የላከችው ልጅ መፍቀዷን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። የንስሐ አባት ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ወላጆቿን ከእርሷ ጋር አስቀምጦ ለቀለብ የሚሆነውና ለእርሷ የሚቀመጠው ስንት እንደሆነ ያስወስናቸው፤ የባንኩ ደብተር በራሷ ስም እንዲወጣ ይምከራት፤ ከሽማግሎች ሁለቱ በወረቀቱ ላይ ይፈርሙ። በደብሩ ጽሕፈት ቤትም ስለት ሊያስገባ የመጣውን አባት፥ ደረሰኙ ከመቈረጡ በፊት፥ «ልጅዎ ታውቃለችን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አታውቅም ያለ እንደሆነ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስና ይደውልላት።