የማለዳ ጉብኝት ከዋዜማው ይጀምራል

ልጆቼ፣ ለትምህርት ሕንድ የምትሄዱም ሆነ ወላጅ ለማሳከም ዴልሂ የምትከርሙ፣ አግራ ወርዳችሁ ታጅ ማሃልን ሳታዩ አትመለሱ። ስትሄዱ በማለዳ ሂዱ፤ ብቻችሁን ሳይሆን ታሪኩን የሚያውቅ አስጎብኚ ይዛችሁ። እኔ በወጣትነቴ በዚያ አገር ተማሪ ነበርኩ፤ ከዚያም በኋላ ዘመድም እንግዳም ይዤ ተመላልሼበታለሁ። ከዚህ ሁሉ ምልልስ ያተረፍኩት ትምህርት አንድ ነው፦ የማለዳ ጉብኝት የሚያምረውም የሚበላሸውም ከዋዜማው ነው። ማታ ያልተስማማችሁበትና ያላጣራችሁት ነገር ሁሉ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ማለዳ ለምን ትሉኝ ይሆናል። የታጅ ማሃል በር የሚከፈተው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ሰዓት የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፤ ረፋዱ ላይ ግን ከየክፍለ አገሩ የመጣ ቤተሰብና ተማሪ ግቢውን ይሞላዋል። ሙቀቱም አይቻልም፤ በግንቦትና በሰኔ አግራ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትግላለች። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ድንጋዩ ራሱ ነው። ነጩ እብነ በረድ የመጣው ራጃስታን ውስጥ ማክራና ከሚባል ስፍራ ሲሆን ብርሃንን ጥቂት ወደ ውስጡ ያስገባል። ስለዚህ መልኩ ከሰማዩ ጋር ይለዋወጣል፦ ጎህ ሲቀድ አመድማ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ሮዝማ፣ ትንሽ ቆይቶ ወርቃማ፣ ከዚያም ዓይን የሚወጋ ነጭ። አርፍዶ የሚደርስ ሰው የመጨረሻውን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

በመጀመሪያ ቀኑንና ወቅቱን ምረጡ። ታጅ ማሃል ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ በግቢው መስጊድ የሚሰግዱ ብቻ ይገባሉ። ይህን ሳያውቁ ዓርብ ጠዋት በር ላይ ደርሰው የሚመለሱ እንግዶች ብዙ ናቸው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ በያሙና ወንዝ አካባቢ ጉም ስለሚወርድ ሕንፃው እስከ ረፋድ ድረስ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዝናብ አለ። ምርጫው የእናንተ ከሆነ ጥቅምትና ኅዳር፣ አለዚያም የካቲትና መጋቢት ይሻላል። ለትምህርት የከረመ ሰው ወቅቱን ለመጠበቅ ጊዜ አለው፤ ለሕክምና የሄደ ግን ሐኪሙ በሰጠው ክፍተት ነውና የሚንቀሳቀሰው፣ የቻለውን ይሂድ።

ሰዓቱን በደንብ ያዙ። ሕንዶች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ ከእኛ አገርም በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማሉ። አስጎብኚው «በ5:30 ሆቴሉ በር ላይ እንገናኝ» ካላችሁ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11:30 ማለቱ ነው። በልባችሁ አታስሉ፤ ቀጠሮውን በጽሑፍ ላኩለትና ፀሐይ የምትወጣበትን ሰዓት አብራችሁ ጠይቁት። በሰኔና በጥር መካከል የፀሐይ መውጫው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይለያያልና ባለፈው ወር የሄደ ጓደኛ የነገራችሁ ሰዓት ለእናንተ ላይሠራ ይችላል።

ማደሪያችሁ አግራ ይሁን። ከዴልሂ አግራ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በመኪና ሦስትና አራት ሰዓት ይወስዳል። ጎህ ሲቀድ በር ላይ ለመገኘት ከዴልሂ የምትነሱት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ሾፌሩ ሳይተኛ፣ እናንተም እያንቀላፋችሁ፣ በታኅሣሥና በጥርም ጉም የተጋረደ አውራ ጎዳና ላይ መብረር ለማንም አይመከርም። ጠዋት ከዴልሂ የሚነሱ ፈጣን ባቡሮች አሉ፤ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን አግራ ሲያደርሷችሁ ፀሐይ ወጥታ አልቃለች። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ በሩ አጠገብ እደሩ፣ በጊዜ ተኙ።

አሁን ወደ አስጎብኚው ልምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ፎቶግራፍ ያለበት የመንግሥት ፈቃድ የያዘ ይሁን፤ መታወቂያውን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። ዋጋውን፣ ስንት ሰዓት አብሯችሁ እንደሚቆይ፣ የመግቢያውን ቲኬት ማን እንደሚከፍል በዋዜማው ተነጋገሩ። አንድ ነገር አጥብቃችሁ ንገሩት፦ «ሱቅ አንገባም።» አንዳንድ አስጎብኚዎች በታሪኩ ላይ ይሮጡና ቀሪውን ሰዓት ኮሚሽን የሚያገኙበት የእብነ በረድ ሱቅ ውስጥ ያሳልፉባችኋል። ዕቃ መግዛት ከፈለጋችሁ ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ በራሳችሁ ፈቃድ ግቡ። እብነ በረድ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ለስላሳ የሳሙና ድንጋይ ነው፤ በጥፍር ሲፋቅ ይጫራል፣ እውነተኛው ግን አይበገርም።

እውቀቱን ደግሞ በሁለት ጥያቄ መዝኑት። ታጅን ለሚስቱ መቃብር ያሠራው የሙጋል ንጉሥ ሻህ ጃሃን የሠራተኞቹን እጅ አስቆረጠ ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ ለራሱ ጥቁር ታጅ ሊሠራ ነበርም ይባላል። እነዚህን ጠይቁት። የእጅ መቆረጡ ማስረጃ የሌለው ተረት ነው። ጥቁሩንም በሚመለከት ከወንዙ ማዶ በመህታብ ባግ አትክልት ቦታ ቁፋሮ ሲካሄድ የተገኘው ጥቁር የመሰለ ድንጋይ በዘመን ብዛት የጠቆረ ነጭ እብነ በረድ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱንም እንደ እውነት አስውቦ የሚያወራላችሁን ተዉት። «እንዲህ ይባላል፣ ማስረጃው ግን ይህ ነው» የሚላችሁን ያዙት፤ እሱ ድካማችሁን የሚያስረሳ ሰው ነው።

ከመተኛታችሁ በፊት ቦርሳችሁን አቅልሉ። ምግብ፣ ላይተር፣ ሲጋራ፣ የካሜራ መቆሚያ፣ ትልቅ ቦርሳ አይገባም። ፓስፖርታችሁን ያዙ፤ ስልክና ውኃ ይበቃል። ቲኬቱን በዋዜማው በኢንተርኔት መግዛት ይቻላል። የውጭ አገር ሰው ከሕንዳዊው ብዙ እጥፍ ይከፍላል፤ ወደ መቃብሩ ክፍል ለመግባትም ተጨማሪ አለ። ተማሪዎች፣ በሕንዳዊ ጓደኛ ስም ለመግባት አትሞክሩ፤ የእንግዳ ክብር ከጥቂት ሩፒ ይበልጣል። ቲኬቱ የሚያገለግለው ለ3 ሰዓት ነው፤ በማለዳ ለገባ ሰው በቂ ነው። ነዳጅ የሚያቃጥል መኪና ወደ ሕንፃው እንዲቀርብ ስለማይፈቀድ የመጨረሻውን መንገድ በእግር ወይም በባትሪ በሚሠራ መኪና ነው የምትሄዱት። ፍተሻው ለወንድና ለሴት የተለያየ ነውና ከፍተሻው ወዲያ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

በሩን ካለፋችሁ በኋላ አስጎብኚውን ለጥቂት ደቂቃ ዝም እንዲል ለምኑት። ይህንንም ማታ ብትነግሩት ጥሩ ነው። መጀመሪያ ዓይናችሁ ይጥገብ፤ ማብራሪያው ይደርሳል። ብዙ ሰው ገና ከትልቁ በር ሳይወጣ ስልኩን ያነሳና መጀመሪያ የሚያየው ሕንፃውን ሳይሆን ስክሪኑን ይሆናል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ፎቶው ከአሥር ደቂቃ በኋላም ይነሳል፤ የመጀመሪያው እይታ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ከዚያ በኋላ ጠይቁ። ትልቁ ቀይ በር ላይ በጥቁር ድንጋይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ከቁርዓን «ንጋት» የተሰኘው ምዕራፍ ነው። የቁም ጸሐፊው አማናት ኻን የላይኞቹን ፊደላት ከታችኞቹ አተልቆ ስለሠራቸው፣ ከመሬት ሆኖ ለሚያይ ሁሉም እኩል ይመስላሉ። አራቱ ሚናራዎች በጥቂቱ ወደ ውጭ ያዘነበሉ ናቸው፤ ምናልባት ቢወድቁ መቃብሩ ላይ እንዳይወድቁ ነው ይባላል። በምዕራብ በኩል መስጊድ አለ፤ በምሥራቅ ያለው መንትያው ሕንፃ የተሠራው ሚዛኑን ለመጠበቅ ነው።

መቃብሩ ክፍል ውስጥ ስትገቡ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ። ጥሩ አስጎብኚ ትንሽ ባትሪ ያወጣና በግድግዳው ላይ ካሉት አበቦች አንዱ ላይ ያበራል። ያን ጊዜ ቀዩ ድንጋይ ከውስጡ እንደ ፍም ይቀላል፤ ዙሪያው ያለው እብነ በረድም ብርሃኑን ይዞ ይቆያል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ፣ በአውራ ጣት የምትሸፈን አበባ ውስጥ ብዙ ቁርጥራጭ ድንጋይ ተገጥሟል፤ መጋጠሚያውን ግን ጥፍር አያገኘውም። ሰማያዊው ድንጋይ ከአፍጋኒስታን ድረስ የመጣ ነው። ይህን ሙያ ከአባቶቻቸው ወርሰው ዛሬም በአግራ ጠባብ ሱቆች ውስጥ በእጅ በሚዞር መሞረጃ የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

ታሪኩን የምትሰሙት እዚያው ነው። የሻህ ጃሃን ሚስት ሙምታዝ ማሃል 14ኛ ልጇን ስትወልድ ቡርሃንፑር ላይ ያረፈችው በ1631 ነው፤ ዘመኑን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ግንባታው በ1632 ተጀምሮ ከነግቢው ለመጠናቀቅ ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ ሁሉ ሚዛን በጠበቀ ሥራ ውስጥ ከመስመር የወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከእሷ ጎን በኋላ የገባው የባሏ መቃብር። ስለዚህ ከታጅ ወጥታችሁ ወደ አግራ ምሽግ ሂዱ። ሻህ ጃሃንን ልጁ አውራንግዜብ በ1658 ከሥልጣን አውርዶ ያሰረው እዚያ ነው። እስከ ሞተበት እስከ 1666 ድረስ የሚስቱን መቃብር ከርቀት ያይበት ነበር የሚባለው ሰገነት ዛሬም ቆሟል። ከዚያ ሆናችሁ ታጅን ስትመለከቱ ጠዋት ያያችሁት ሁሉ ሌላ ትርጉም ያገኛል።

እናንተ ኢትዮጵያውያን ናችሁና አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያዙ፦ ስለ ማሊክ አምባር ጠይቁ። በ1548 ገደማ በአገራችን ምድር ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ ሕንድ የደረሰ ሰው ነው። በደቡቡ በዴካን የአህመድናጋር መንግሥት አውራ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1626 ድረስ የሙጋሎችን ጦር ተቋቁሟል። በኋላ ሻህ ጃሃን የተባለው ልዑል ኩራም እንኳ ጦር እየመራ ዘምቶበታል። የታጅን ታሪክ የሚያውቅ አስጎብኚ ይህን ስም ያውቀዋል። ታጅ የተጀመረበት 1632 ደግሞ አፄ ፋሲል የነገሡበት ዓመት ነው፤ የእሳቸው ዘመን መልእክተኞችም ከጎንደር ተነሥተው አውራንግዜብ ዘንድ ደርሰዋል። ወደ ጉጃራት የምትሄዱም አህመዳባድ ላይ የሲዲ ሰይድን መስጊድ እዩ፤ በ1573 የተጠናቀቀውን ይህን መስጊድ ያሠራው ሐበሻ ነው፤ ዛፍ ተቀርጾበት እንደ ጥልፍ የተበሳው የድንጋይ መስኮቱ የከተማይቱ መለያ ሆኗል። ሕንድን የባዕድ አገር ብቻ አድርጋችሁ አትጎብኙ።

ታማሚ ወላጅ የያዛችሁ፣ ሐኪም ከፈቀደ እነሱንም ውሰዷቸው። ወር ሙሉ የሆስፒታል ግድግዳ ያየ ሰው ያን ማለዳ ይፈልገዋል። ወደ እብነ በረዱ ሰገነት የሚያወጣው ደረጃ ለጉልበት ይከብዳልና ተሽከርካሪ ወንበር በዋዜማው አስጠይቁ፤ ካልሆነም አትክልቱ ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያም በደንብ ይታያል። ቁርሱ ከጉብኝቱ በኋላ ይሁን። የአግራ ሰው ጠዋት የሚበላው በድንች ወጥ የሚቀርብ ቤዳይ የሚባል የተጠበሰ ቂጣ ነው። ጾመኞች ከሆናችሁ ሥጋ የሌለበት ሁሉ ጾም እንዳይመስላችሁ፤ ፓኒር አይብ ነው፣ ጊ ቅቤ ነው፤ ጠይቃችሁ ብሉ።

ልጆቼ፣ ከዚያ አገር ዲግሪም ጤናም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ይህንንም ጨምሩበት። ቀኑ ዓርብ አለመሆኑን ዛሬ አጣሩ፣ ከአስጎብኚው ጋር ዛሬ ተዋዋሉ፣ ጥያቄያችሁን ዛሬ ጻፉ፣ በጊዜም ተኙ። ማታ የተዘጋጀ ጎብኚ ጠዋት ሥራው ማየት ብቻ ነው።