ባኽ ምን በደለ?

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላል የአገሬ ሰው። እስቲ ይህን ተረት ይዘን ወደ ጀርመን እንሻገር።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1945 ነው። ሂትለር ሞቷል፣ ሽቱትጋርት በቦምብ ፈራርሳለች። ካርል ሙንሺንገር የሚባል የሠላሳ ዓመት ሙዚቀኛ በዚያ ፍርስራሽ መሀል ጥቂት የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾችን ሰብስቦ የሽቱትጋርት ቻምበር ኦርኬስትራን አቋቋመ። ዋና ሥራቸው ባኽና የባሮክ ዘመን ሙዚቃ ነበር። ቡድኑ ውሎ አድሮ ትናንት ጠላት በነበሩ አገሮች ሳይቀር እየዞረ ተጫወተ። “እኛ የሂትለር ብቻ ሳንሆን የባኽም አገር ልጆች ነን” እንደማለት ነው። ደግ ሐሳብ ነው። በ1750 የሞተው ባኽ ምን በደለ?

ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። አኒታ ላስከር የተባለች ጀርመናዊት አይሁዳዊት ወጣት አውሽቪትስ ታስራ ሳለች በእስረኛ ሴቶች ኦርኬስትራ ውስጥ ሴሎ ትጫወት ነበር። እስረኞች ለጉልበት ሥራ ሲወጡና ሲገቡ ማርሽ ይመታላቸዋል። በሰው ላይ ሙከራ ያደርግ የነበረው ዶክተር መንገለ መጥቶ የሹማንን ሙዚቃ እንድትጫወትለት አዟታል። እንግዲህ ጥሩ ሙዚቃ መውደድ ለደግነት ምስክር የሚሆነው በየት በኩል ነው?

አኒታ ከሞት ተርፋ ለንደን ገባች። በኢንግሊሽ ቻምበር ኦርኬስትራ ውስጥም ለረጅም ዓመታት ተጫወተች። ይህ ቡድን በ1948 በሌላ ስም ሲጀመር ሥራው የባሮክ ሙዚቃ ነበር። ያው የጀርመኖቹን ባኽ ማለት ነው! ባኽን አልተጣላችም፤ የጀርመንን መሬት ግን ዳግም ላትረግጥ ማለች። መሐላዋን ያፈረሰችው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይታ፣ ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋር ለጉብኝት ስትሄድ ነው። በ2018 ደግሞ በጀርመን ፓርላማ ቆማ ያየችውን ተናገረች።

“ምነው ይህን ያህል ቆየሽ?” ሊላት የሚችል ማን ነው? በእኛ ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ ቫዮሊን ይዞ አይደለም። ድንጋዩም ቢሆን ተበዳይን አያስገድድም። ዕርቅን መጠየቅ የበዳይ ግዴታ ነው፤ ቀኑን መቁረጥ ግን የተበዳይ መብት ነው። “ሁሉም ያልፋል፣ እስቲ አብረን እንዝፈን” እያሉ የቆሰለውን ማጣደፍ ሁለተኛ በደል ይሆናል።

ታዲያ የሙንሺንገር ድካም ከንቱ ነበር? አይደለም። ጀርመን ባኽን ብቻ ይዛ ብትቀርብ ኖሮ ሙዚቃው መሸፋፈኛ በሆነ ነበር። ነገር ግን ኑረምበርግ ላይ ፍርድ ቤት ተቀምጧል፤ በ1952 ለእስራኤል ካሳ ለመክፈል ተፈርሟል። ፍርዱም ካሳውም ጉድለት ነበረባቸው፤ ብዙ ወንጀለኛ አምልጧል። ቢሆንም ጥፋቱ በስሙ ተጠራ። ሙዚቃ የፍርድን ሥራ ሊሠራ አይችልም። የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ በሩን ከፍቶ፣ ወንበር አዘጋጅቶ መጠበቅ። ተበዳይ ሲፈልግ ይመጣል። ባይመጣም ወንበሩ የእሱ ነው።