«ሶሪ ጋሼ»

ዳንግላ ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ይከፍሉትና በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ይደረድሩልን ነበር። እኛም በደብተራችን እንገለብጣለን፤ ማታ በቃላችን እናጠናለን። ከነዚያ ቃላት አንዱ «ሶሪ» ነበር። ትይዩው ላይ «ይቅርታ» ተጻፈ፤ በመካከላቸውም የእኩል ይሆናል ምልክት። ያቺን ምልክት ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አምኛት ኖርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ ጋዜጣ ስለ መሬት ክርክር ጽሑፍ ሰጠሁ። ምሳሌ አስፈለገኝ። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ የእናቴ ወንድም ከጎረቤታቸው ጋር የተካሰሱበትን ታሪክ አነሳሁት። ስማቸውን ለወጥኩ፣ ቀበሌውን ደበቅሁ። የቀይ ፈረሳቸውን መልክ፣ ደጃቸው ላይ የቆመውን ዋርካ፣ ሲናደዱ የሚደጋግሟትን አባባል ግን እንዳለ አስገባሁ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ትምህርቴ ዝርዝር ነገር ጽሑፍን ሕያው ያደርጋል ተብዬ ነበርና! ያው ትምህርት የሁለቱንም ወገን ቃል ስማ ብሎኝ እንደነበር ግን ዘነጋሁት። የጎረቤቱን ብቻ ሰምቼ አጎቴን ድንበር ገፊ አደረግኋቸው።

ጋዜጣው በአውቶቡስ ዳንግላ ደረሰ። ጠጅ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ፈረሱንና ዋርካውን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ወሬው ሲደርሰኝ ስልክ ደወልኩ። «ሶሪ ጋሼ» አልኳቸው። ለምን በአማርኛ እንዳላልኩት ዛሬ ድረስ እጠይቃለሁ። ምናልባት ቃሉ አፍ ላይ ስለሚቀል ይሆናል፤ «ይቅርታ» ግን ጉሮሮ ላይ ይተናነቃል። አጎቴ ትንሽ ዝም አሉና፣ «እሱን ቃል አውቶቡስ ውስጥ እግሩን ለረገጥከው ሰው አስቀምጥለት» ብለው ስልኩን ዘጉት። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ አማርኛን በኋላ የተማሩት። እንግሊዝኛ አልተማሩም። የመምህራችንን የእኩል ይሆናል ምልክት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አፈረሱት።

ለመሆኑ ልዩነቱ ምንድን ነው? «ሶሪ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቁስልንና ሕመምን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው። «አሞኛል፣ አዝኛለሁ» ማለት ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ላስቀየመው ሰውም «ሶሪ» ይላል፤ እናቱ ለሞተችበት ወዳጁም «ሶሪ» ይላል፤ እናቲቱን ግን አልገደላትም። ናይጄሪያ ወይም ኬንያ ውስጥ ደግሞ መንገደኛ ሲደናቀፍ ያየ ሰው «ሶሪ!» ይላል፤ ድንጋዩን እሱ አላስቀመጠውም። ይህኛው «ሶሪ» በእኛ ቋንቋ «ይቅርታ» ሳይሆን «እኔን!» ነው።

የእኛው «ይቅር» ደግሞ «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ይቅር በለኝ» ስል የግሱ ባለቤት እኔ አይደለሁም፤ የበደልኩት ሰው ነው። እሱ «ይቅር» ካለ ነገሩ ይቀራል፤ ካላለ እዚያው እንዳለ አለ። «ሶሪ» ስለ ራሴ የምሰጠው መግለጫ ነው። ማዘኔን ማን ሊከለክለኝ ይችላል? ተናግሬ፣ ቀሎኝ፣ ወደ ጉዳዬ መሄድ እችላለሁ። ስልኩን ስደውል የፈለግሁትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ይህች ቀዳዳ መንግሥታትንም አገልግላለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2001 የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ከደቡብ ቻይና ባሕር በላይ ከቻይና ተዋጊ ጄት ጋር ተጋጨ። ቻይናዊው አብራሪ ሞተ፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ሃይናን ደሴት ላይ ያለ ፈቃድ አረፈና 24ቱ ተሳፋሪዎች 11 ቀን ተያዙ። ቻይና ይቅርታ ካልተጠየቅሁ አለች፤ አሜሪካ አልጠይቅም አለች። በመጨረሻ አምባሳደሩ ስለ አብራሪው ሞትና ስለ አስፈቃጅ አልባው ማረፊያ «ቬሪ ሶሪ» የሚል ደብዳቤ ሰጡ። ቤጂንግ ለሕዝቧ «ይቅርታ ተጠየቅን» አለች፤ ዋሽንግተን «ኀዘናችንን ገለጽን እንጂ ይቅርታ አልጠየቅንም» አለች። ሰዎቹ ተለቀቁ። ሁለቱም እንደየቋንቋቸው ረቱ። (የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ያስታወሰ አንባቢ አልተሳሳተም፤ ያኛው ግን በጦርነት ነው ያለቀው።)

እንግሊዝኛን ለመክሰስ ግን አልተነሣሁም። እንግሊዝኛም «ፎርጊቭ ሚ» የሚል ቃል አለው፤ እሱም ውሳኔውን ለተበዳዩ ይተዋል። በሌላ በኩል በእኛው ካፌ ውስጥ «ይቅርታ፣ ሂሳብ!» እየተባለ አስተናጋጅ ይጠራል። ቃል በአጠቃቀም ይሳሳል፤ የየትኛውም አገር ቃል።

የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ይቅርታን ተበዳዩ የሚሰጠው ከሆነ የመከልከል መብት አለው ወይ? በባህላችን በዳይ ሽማግሌ ይልካል፤ ነገሩ ሲከብድ ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል። ደም የተቃባን ሰው ያስታረቀ ታላቅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ቆመው ሳለ «እምቢ» የሚል ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን፤ ልበ ደንዳና። ትናንት የተበደለው ዛሬ ተለማኝ፣ ነገ ደግሞ ጥፋተኛ ይሆናል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እያልን የተወጋውን ቶሎ እንዲረሳ እናስገድደዋለን። ከዚህ አንጻር ያ ቀላል «ሶሪ» ይሻል ይሆን? ቢያንስ ከተበዳዩ ምንም አይጠይቅም።

ይህን እያወጣሁና እያወረድኩ በጥር 2011 ዓ.ም. ተሳፍሬ እንጅባራ ገባሁ። ጥር 23 ነበር። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ነውና አጎቴ ከነፈረሳቸው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ከሜዳው ዳር ኮርቻ ሲያጠብቁ አገኘኋቸው። ወደ እሳቸው ስቸኩል የፈረስ መጫኛ ገመድ ጠለፈኝና በጉልበቴ ወደቅሁ።

«እኔን!» አሉ፤ ማን እንደወደቀ እንኳ ሳያዩ።

ቀና ብለው ሲያውቁኝ ፊታቸው ተመልሶ ተዘጋ። ከወደቅሁበት ሳልነሣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሳልጠይቅዎ ጻፍኩ፤ ያልሆነውን ጻፍኩ» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ይዘህ አለመምጣትህ ደግ ነው» አሉ፤ «እምቢ ማለት እንድችል።» እምቢም አላሉ፤ እሺም አላሉ። ኮርቻውን ጨርሰው ሲያጠብቁ አንድ ነገር ጠየቁኝ። በጻፍክበት አፍርሰው አሉኝ። ጋዜጣው ያኔ ከኅትመት ወጥቶ ነበር፤ ነገርኳቸው። «እንግዲያው ሌላ ጊዜ ስለ እኔ ስትጽፍ አስቀድመህ አንብብልኝ» ብለው እርካቡን ረግጠው ወጡ።

ድንበር አልገፉም። በዚያ ጽሑፍ ላይ የሰፈረው ሐሰት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ይህን ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት በስልክ አነበብኩላቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። አጥፋው የሚሉኝ ነገር እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«ያኔም ዛሬም ፈረሴን ‹ቀይ› ትለዋለህ» አሉ። «ዳማ ነው የሚባለው።»