በሌላ ሰው ጨው መጽደቅ

ሰው በገዛ ገንዘቡ ቢመጸውት ቸር ይባላል፤ በጎረቤቱ ገንዘብ ቢመጸውት ግን ምን ሊባል እንደሚገባው እምብዛም አይጠየቅም። ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ መጽሐፍ ወይም ስብከት አይደለም፤ በቅርቡ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ደባርቅ ላይ ሆነን የተመለከትነው አሮጌ የቴሌቪዥን ድርሰት ነው።

ድርሰቱ «ስታር ትሬክ» የተባለው በሳይንስ ላይ የተመሠረተ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። በአገራችን ቴሌቪዥን ከተጀመረ በዚያ ጊዜ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በከዋክብት መካከል የምትመላለስ መርከብ፣ በአንድ ባድማ ዓለም የጥንት ፍርስራሽ የሚመረምሩትን ሊቅና ሚስቱን ልትጎበኝ ትደርሳለች። ሊቁ አጥብቆ የሚለምነው ጨው ነው። ብዙም ሳይቆይ የመርከቧ ሰዎች አንድ በአንድ ሞተው ይገኛሉ፤ ሬሳቸው ሲመረመርም በሰውነታቸው ውስጥ የነበረው ጨው ሁሉ ተመጥጦ አልቋል። ምስጢሩ ኋላ ይገለጣል። እውነተኛይቱ ሚስት ከሞተች ቆይታለች፤ በእርሷ መልክ የሚታየው፣ ያለ ጨው መኖር የማይችልና መልኩን የሚለዋውጥ፣ ከዘሩ ብቻውን የቀረ ፍጥረት ነው። ሚስቱን የገደለበትም እርሱ ራሱ ነው። ሊቁ ግን የዘሩ መጨረሻ መሆኑን አስቦ፣ ብቸኝነቱም አስገድዶት፣ ሸሽጎ ይመግበው ነበር።

በመጨረሻ ፍጥረቱ ሊቁን ራሱን ይገድላል። የመርከቧ ሐኪምም ሟቿን ሴት በወጣትነቱ ይወድድ የነበረ ሰው ነውና፣ ካፒቴኑን ለማዳን በዚያው በሚወደው መልክ ላይ መተኮስ ግድ ይሆንበታል። ፍጥረቱ በእውነተኛ መልኩ ሲታይ የልብሱ አሠራር የዛሬን ተመልካች ሳያስቅ አይቀርም። ነገር ግን ደራሲው ድሉን በእልልታ አልዘጋውም። ካፒቴኑ በጥይት ሊያልቅ ጥቂት የቀረውን የአሜሪካን ጎሽ እያስታወሰ ሲተክዝ ታሪኩ ያበቃል። የድርሰቱ ዋጋም በዚህ ትካዜ ላይ ነው።

እኛ ይህን ስንመለከት የተቀመጥንበት ከተማ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ነው። ዋልያ ከዚህ ተራራ በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ሌላ ስፍራ የለውም፤ ቁጥሩም በጥቂት መቶዎች የሚገመት ነው። ስለዚህ «የዘሩ መጨረሻ» የሚለው ቃል ለደባርቅና ለዳባት ሰው የከዋክብት ተረት አይደለም። ባልደረባዬ ወዲያው፣ «ሰው ከሚሞት አውሬው መሞቱ ይሻላል፤ ሐኪሙ ደግ አደረገ» ሲል ፈረደ። እኔ በበኩሌ፣ አንድ ሰው ቢሞት ዘሩ ይተካዋል፤ የመጨረሻው ፍጥረት ቢሞት ግን ማን ይተካዋል ብዬ ተከራከርሁ። እስከ እኩለ ሌሊት ስንሟገት ቆየን።

በነጋታው ነገሩን ሳሰላስለው ሁለታችንም የተሟገትነው ስለ መጨረሻው ሰዓት ብቻ እንደ ሆነ ተረዳሁ። ጥፋቱ ግን ቀደም ብሎ የተሠራ ነበር። በመርከቧ ውስጥ ጨው አልጠፋም። ሊቁ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ገልጦ፣ «እንዲህ ያለ ፍጥረት አለ፤ ጨው ስጡትና እናንተም ተጠንቀቁ» ቢል ኖሮ ማንም ባልሞተ ነበር። እርሱ ግን ለፍጥረቱ ያለውን ርኅራኄ ዋጋ፣ ምንም ያልተነገራቸውና ያልተጠየቁ መርከበኞች በሕይወታቸው እንዲከፍሉለት አደረገ። ርኅራኄው እውነተኛ ነበር፤ ጨው የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን መመለስ ይገባናል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ካሣ ተሰጥቶት መንደሩን ለቆ ወደ ደባርቅ ወረደ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ደስታውም ተገቢ ነበር።

ነገር ግን አንድ ቀን በደባርቅ ገበያ ገብስ ሲሸምቱ ያገኘኋቸውን ሽማግሌ፣ «አባባ፣ እርስዎ ድሮ ገብስ ሻጭ አልነበሩም ወይ?» አልኋቸው።

«ነበርሁ ልጄ» አሉኝ። «ዋልያውን አልጠላውም፤ አብረን ብርድ የበላን ነን። ግን እርሱ በአገሩ እንዲቀር እኔ ከአገሬ ወጣሁ። ዋልያው ተረፈ ብላችሁ ስትደሰቱ እኔን እንዴት ሆንህ ያለኝ የለም።»

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ ካሣ ከተከፈለ ዕዳው ተዘጋ ይል ይሆናል። ካሣ የቤትንና የመሬትን ዋጋ ሊተካ ይችላል። ይሁን እንጂ አርሶና ከብት አርብቶ ለኖረ ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ ሙያው አብሮ አይተካለትም። እኛ ግን ዋልያን በብሔራዊ ቡድናችን ስም እየጠራን፣ በሥዕሉ እየኮራን፣ ለመዳኑ ከደመወዛችን የጎደለ ነገር የለም። በቅርብ የሚኖረው ድኻ ከፈለ፤ በሩቅ ያለነው ጸደቅን።

ስለዚህ ዋልያው ይጥፋ ማለቴ አይደለም። እርሱ ከጠፋ ለሽማግሌው ልጅም ለልጄም የሚመለስ ነገር የለም። የምለው ይህ ነው፤ የጋራ የሆነውን ሀብት ለማዳን የሚወጣው ወጪም የጋራ ይሁን፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሰውም በመጨረሻው ሰዓት ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ይጠየቅ፤ ከከፈለም በኋላ አይረሳ። ይህ በተለይ ለእኛ፣ ውሳኔን በወረቀት ለምናስተላልፍ ሠራተኞች፣ የዘወትር ሥራችን ነው። ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ የባለጉዳዩን ደጅ አንኳኩቶ እንዴት ነዎት ማለት ከማናቸውም መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዐቅም በላይ አይደለም። እኔም ያን ቀን ሽማግሌውን የት እንደሚኖሩ ሳልጠይቃቸው በመለየቴ እስካሁን ይቈጨኛል።