ከቁልቢ መልስ በበረሃ የተሰጠን ውኃ



ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል በቁልቢ ለማክበር ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተውጣጣን ወጣቶች በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተጉዘን ነበር። ስለ በዓሉ ድምቀት ብዙዎች ስለሚነግሯችሁ እኛ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ መልሱ መንገድ ነው። ትምህርቱን የሰማነው በዓሉ ላይ ነው፤ የተፈተንነው ግን በመንገድ ላይ ነው።

በማግሥቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቁልቢ ተነሣን። የሐረርጌ ተራሮች ብርድ ስለነበረባቸው ሁላችንም በነጠላችን ተጠቅልለን እንዘምር ነበር። ጭሮን አልፈን ወደ ሚኤሶ ቆላ ስንወርድ ግን አገሩ ሌላ ሆነ። ጫት የለበሰው ተራራ አልቆ የግራር ቁጥቋጦ፣ ደረቅ አሸዋና ግመል መጣ። በስተቀኝ በስተግራ የሚታየው ሁሉ አቧራ የለበሰ ነበር። የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳም ያለበትን ተራራ ከሩቅ ስናይ አባቶቻችን ይህን የመሰለ ደረቅ ምድር ለጸሎት ለምን እንደ መረጡ ተጠያየቅን። ከመካከላችን አንዱ፣ «በበረሃ ሰው የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ለይቶ ያውቃል» አለ። ነገሩን ሰምተን አደነቅን፤ ወዲያውም ረሳነው።

መርሳታችንም የታወቀው በውኃው ነው። ከቁልቢ ስንነሣ በቂ የታሸገ ውኃ ጭነን ነበር። አዋሽ 7 ኪሎ ደርሰን በሶአችንን በጥብጠን፣ ዳቦ ቆሎአችንን ቆርጥመን ስናበቃ ሙቀቱ በረታብን። ግማሾቻችን ፊታችንን ታጠብን፣ ግማሾቻችን በራሳችን ላይ አፈሰስን፣ አንዳንዶቻችንም እየተሳሳቅን እርስ በርሳችን ተራጨን። በመንገድ ዳር ሕፃናት ቆመው «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ ፕላስቲክ ሲለምኑን አየናቸው። በዚያ ጊዜ የመሰለን ልጆቹ የሚጫወቱበት ነገር ፈልገው ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ መተሐራን እንዳለፍን የመኪናችን ራዲያተር ፈላ። ሾፌሩ መኪናውን ያቆመው በበሰቃ ሐይቅ ዳር ነው። ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት የነበረው ሲሆን ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፤ እየሰፋ መሬት ውጧል፣ መንገዱንና ሐዲዱንም አስቸግሯል። በአጠገቡ ከፈንታሌ ተራራ የፈሰሰው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተከምሯል። ያን ያህል ውኃ በፊታችን ተኝቶ ሳለ ከእኛ አንዱ ጄሪካን ይዞ ሊቀዳ ሮጠ። ሾፌሩም፣ «ተመለስ ልጄ! ይህ ጨው ነው። ሰውም ከብትም አይጠጣውም፤ ሞተሬንም ይበላብኛል» አለው። ቀጥሎም ወደ ሁላችን ዞሮ፣ «ልጆች፣ ውኃ የተረፈው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። እስራኤል በማራ ውኃ አግኝተው ከመምረሩ የተነሣ ሊጠጡት እንዳልቻሉ በዘጸአት 15 ስናነብ የሩቅ ታሪክ ይመስለን ነበር።

ብዙ መኪናዎች አለፉን። ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንደ እኛ ከቁልቢ የሚመለሱ፣ መዝሙር የከፈቱ ነበሩ። እጃችንን ስናነሣ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ብለውን ያልፋሉ። ልንቆጣ ቃጣን፤ ነገር ግን እኛም በጠዋት ጎማ የተበሳበትን አንድ መኪና እንዲሁ ሰላም ብለን አልፈን ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት እናት ሁለት ጄሪካን የጫነች አህያ እየነዱ መጡ። ከረዩ ናቸው። በአማርኛ ስንጠይቃቸው ስላልገባቸው ከሱሉልታ የመጣችው እኅታችን በኦሮምኛ አነጋገረቻቸው። ችግራችንን ሲሰሙ አንዱን ጄሪካን አውርደው ለሾፌሩ ሰጡ። ከሌላውም ለጥም እየቀዱ አዳረሱን። ገንዘብ አዋጥተን ብንሰጥ እንቢ አሉ። እኅታችን የተናገሩትን ስትተረጉምልን፣ «ውኃ የፈጣሪ ነው፤ የእኔ መሸከሙ ብቻ ነው ይላሉ» አለችን። ከየት እንደቀዱት ስትጠይቃቸውም ጠዋት ከቤት ወጥተው ወረፋ ጠብቀው እንደሆነ ነገሯት።

መኪናው ተነሣ። በመስኮት ስናይ እኚያ እናት አህያቸውን ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ መጡበት መለሱ። ያን ጊዜ ገባን። የጠጣነው የቀናቸውን ሙሉ ድካም ነው። «ሾፌሩን አስቁመን እናድርሳቸው» ያለ ከመካከላችን ነበር፤ ሌሎቻችን ግን «ይመሽብናል» አልን። ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህን የምንጽፍላችሁ እያፈርን ነው። አላደረስናቸውም። ስማቸውንም እንኳ አልጠየቅንም።

ከዚያ በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥ መዝሙር አልነበረም። አዳማን አልፈን እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው ፈጣን መንገድ ስንገሠግሥ አንዱ ወንድማችን ሉቃስ ምዕራፍ 10ን አውጥቶ አነበበልን። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውም መንገድ በበረሃ የሚያልፍ ነው። ካህኑና ሌዋዊው የቆሰለውን አይተው አለፉ፤ የራራለት ሳምራዊው ነው። እስከዚያ ቀን ይህን ምሳሌ ስንሰማ ራሳችንን በሳምራዊው ቦታ እናስቀምጥ ነበር። በዚያ መንገድ ግን ጠዋት ከቤተ እግዚአብሔር መጥተን የተቸገረውን ያለፍን እኛ ነን፤ ከሰዓት በኋላም በመንገድ ዳር ወድቀን የተገኘን እኛው ነን። ሳምራዊት የሆኑልን በሃይማኖት የማይመስሉን እናት ናቸው።

አዲስ አበባ ስንደርስ መሽቶ ከተማው በሙሉ በመብራት አሸብርቆ ነበር። የሰበታዎቹ በዓለም ገና፣ የቡራዩዎቹ በአስኮ፣ የሱሉልታዎቹ በአዲሱ ገበያ ወጥተን ወደየቤታችን ገባን። ቧንቧ ከፍተን እግራችንን ስንታጠብ የውኃውን ድምፅ እንደ ቀድሞው ልንሰማው አልቻልንም።

በሚቀጥለው እሑድ ተሰብስበን ተነጋገርን። የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ይነሣል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። የሰበታ ወንዞች ወደ አዋሽ ይገባሉ። አዲስ አበባን አቋርጦ የሚወርደው አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። የሱሉልታው ውኃ ደግሞ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። እንግዲህ ከየደጃችን የምንለቀው ውኃ ሁሉ የሚጠብቀው ሰው አለው። እኚያ እናት ንጹሕ ውኃቸውን ወደ እኛ አመጡ፤ እኛስ ወደ ታች የምንልከው ምንድን ነው? ከማኅበር በኋላ ትርፍራፊውንና ፕላስቲኩን ወደ ወንዙ የምንደፋው እኛ አይደለንምን?

ስለዚህ ሦስት ነገር ወሰንን። የመጀመሪያው፣ ከእንግዲህ ከማኅበራችን አንድም ቆሻሻ ወደ ወንዝ እንዳይጣል ነው። ሁለተኛው፣ ለጉዞ ስንወጣ ከምንይዘው ውኃ እኩሌታው በመንገድ ለሚቸገር ሰው እንዲቀመጥ ነው። ሦስተኛው፣ በሚመጣው ታኅሣሥ ስንጓዝ መተሐራ ላይ ቆመን እኚያን እናት እንድንፈልግ ነው። ላናገኛቸው እንችላለን። ብናጣቸውም በዚያ መንገድ ጄሪካን ተሸክማ የምትሄድ እናት አትጠፋምና እርሷን እናደርሳለን።

ጌታችን በደቀ መዝሙር ስም የተሰጠች አንዲት ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ዋጋዋ እንደማይጠፋ ተናግሯል (ማቴ. 10፥42)። እኛ አንድ ጄሪካን ሙሉ ዕዳ አለብን። እናንተስ፣ ውድ አንባብያን፣ በማን ድካም ጠጥታችኋል? እግዚአብሔር የተቀበልነውን የምናስታውስበት ልቡና ይስጠን።